የሞተሩ ባና

የመሐል ሜዳ ከተማን ብርድ የማያውቅ ሰው በኃይለመስቀል ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ! ኅዳር ከገባ በኋላ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶት ሲያድር፣ እዚያ አገር እንኳን ሰው ብረትም ይንቀጠቀጣል። በማለዳ መናኸሪያ ገብቶ ተራ የሚይዝ ሾፌር ደግሞ መከራው ድርብ ነው። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ታቃስታለች፤ ደግሞ ሲያዞር ታስላለች። ከዚያ በኋላ ኃይለመስቀል የሚያወርደውን ስድብ እኔ እዚህ አልደግመውም። ጎረቤቱ ሁሉ ግን በቃሉ ያውቀዋል፤ ለኪዳን የሚያልፉት ቄስ ሳይቀሩ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የገብስ ገበሬ ልጅ ነው። በሬ ጠምዶ አድጎ፣ በሰው አይሱዙ ላይ ጭነት ሲያስር ጎርምሶ፣ የሰው መኪና ሲነዳ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው ይህችን አሮጌ ሚኒባስ የራሱ ያደረጋት። እሷ ከቆመች ቤቱም ይቆማል። ስለዚህ የሚሳደበው ፈርቶ ነው፤ ሰው ሲፈራ ወይ ይጸልያል ወይ ይሳደባል፣ እሱ ሁለቱንም ያደርጋል።

ሚስቱ ጌታነሽ ጠጉር ትፈትላለች። ጣቶቿን ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ እንዝርቱ ያማታል፤ ቢሆንም ባለፈው ክረምት የጥቁር በጋቸውን ጠጉር ባዝታና ፈትላ ለሸማኔ ሰጠች። ሸማኔውም ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ባና አድርጎ መለሰላት። ጌታነሽ የወደደችውን ነገር በአፏ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ባናውንም አንድ ማለዳ እጥፍ አድርጋ የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

የዚያች ሚኒባስ ሞተር ደግሞ ያለው እዚያው ወንበሩ ስር ነው፤ ወንበሩን ብድግ ሲያደርጉት ይገኛል። ኃይለመስቀል ሳምንቱን ሙሉ አልነሳ ስላለችው መኪና ሲያማርር ሰንብቶ ነበርና፣ ባናውን ሲያይ ነገሩ ወዲያው በራለት። ማታውኑ ወንበሩን አንስቶ ሞተሩን እንደ አራስ ልጅ ሸፈነው። ከዚያም ወደ ቤት ሮጠ።

«ጌትዬ! መካኒኩ ሁሉ ያላሰበውን አሰብሽ እኮ! ሞተሯን ባና አለበስሽልኝ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ጌታነሽ ፊቱን አይታ፣ «እንግዲህ ደስ ካለህ ደግ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ መኪናዋ ባንድ ቁልፍ ተነሣች። እሱም ሚስቴ እንዲህ አደረገችልኝ እያለ መናኸሪያውን አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ ጌታነሽ ማታ ማታ እንዝርቷን ይዛ እንደ ተቀመጠች ትጠይቀዋለች፦

«ባናውን የት አደረግኸው?»

«ሞተሩ ላይ። ደህና አድርጌ ጠቅልዬዋለሁ፣ አታስቢ!»

«እሺ» ትላለች። እሱም ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ መኪናዋ የምትጨነቅ እየመሰለው አንጀቱ ይርሳል።

እንዲህ ሆኖ ታኅሣሥ ገባ። አንድ ቀን ኃይለመስቀል ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻ ቢያበራ ክላክሱ ጮኸ። ክላክሱን ቢጫን መጥረጊያው ተነሥቶ ደረቁን መስተዋት መጥረግ ጀመረ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። መኪናዋን የሽቦ ነገር ወደሚያውቀው ወደ በኃይሉ ወሰዳት። በኃይሉ ወንበሩን አነሣ፤ ባናውን ገለጥ አድርጎ አፉን ያዘ።

«ጋሼ፣ ተከራይ ገብቶብዎታል!»

አይጥ ኖሯል። የሽቦዎቹን ልባስ ግጣ ግጣ መዳቡን ራቁቱን አስቀርታዋለች፤ ራቁታቸውን የቀሩት ሽቦዎች ደግሞ እርስ በርስ እየተነካኩ የማይሆን ሥራ ይሠራሉ። በኃይሉ የተበላውን ለውጦ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ «ይህን ባና ግን ያንሱት» አለ። «ሙቀቱንም አልጋውንም ሰጥተዋት ለምን ብላ ትወጣለች?»

«አይሆንም።»

«ለምን ጋሼ?»

«የጌታነሽ እጅ ሥራ ነዋ! በዚያ በታመመ ጣቷ ለሞተሩ ብላ የፈተለችው!»

«አይጧም እኮ እጇን ወዳላት ነው» አለ በኃይሉ እየሳቀ።

እንግዲህ የኃይለመስቀል ጭንቅ ይኸው ነው። ባናውን ካላነሣ መኪናዋ ታልቃለች፤ ካነሣ የጌታነሽ ልብ ይሰበራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት የለ? ባናውን ትቶ ሌላ ሌላውን ይመታ ጀመር። አንዱ ሾፌር በርበሬ በትንበት አለው፤ በተነ፤ ተሳፋሪው እስከ ሞላሌ ድረስ ሲያነጥስ ሄደ። አንዷ ነጋዴ ነጭ ጋዝ ርጭበት አለችው፤ ረጨ፤ ሽታው ተሳፋሪውን አስመለሰው። ድመት ተውሶ ጋቢና ውስጥ ቢያሳድራት ደግሞ፣ እመቤት ድመት ከስር የሚመጣውን ሙቀት አግኝታ ወንበሩ ላይ ለጥ ብላ ተኛች። ድመት ከላይ፣ አይጥ ከታች፣ እንደ ጥሩ ጎረቤት አብረው አደሩ! በኃይሉም ናስትሮውን ይዞ መመላለስ ሆነ ሥራው።

ጌታነሽ ግን ማታ ማታ መጠየቋን አልተወችም። «ባናውን የት አደረግኸው?» እሱም «ሞተሩ ላይ» እያለ ዓይኑን እሳቱ ላይ ይተክላል። ጨክኖ ሊነግራት አፉን የከፈተበት ቀን ነበር፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ጣቷን በቅቤ እያሸች ነበረችና መልሶ ዘጋው።

በጥር ሞላሌ የምትኖረው የልጅነት ባልንጀራዋ ዘነበች፣ «የልጅ ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» ብላ ላከችባት። ጌታነሽ ደስታዋ ወሰን አጣ። ልጅ አልወለዱም፤ ክርስትናም አንሥታ አታውቅም። በዕለቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ለሕፃኗ ያዘጋጀችውን ማተብ በመሀረብ ቋጥራ ጋቢና ተቀመጠች። ክርስትና እናት ካልደረሰች ሕፃን አትነሣም፤ ቄስም ቅዳሴ አቁሞ ሰው አይጠብቅም። ኃይለመስቀል አማተበና ቁልፉን አዞረ። ተነሣች።

መንገድ ካጋመሱ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ መሐል፣ የተቃጠለ ጠጉር ሸተታቸው። ወዲያው መብራቱ ጠፋ፤ ሞተሩም ትን ብሎት ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው?» አለች ጌታነሽ።

«ምንም አይደል። ውረጂና ወዲያ ፈቀቅ በይ፣ ብርድ ነው፣ ፊትሽን አዙሪ» አለ ኃይለመስቀል። ግን የት ይሸሸጋል? ወንበሩን አነሣ። ጭስ ቦነነ። እሷም ከጀርባው ሆና አየች፤ ባናው መሐል ለመሐል ተቀዶ፣ ጠጉሩ ተባዝቶ ጎጆ ሆኗል፤ ጎጆው ውስጥ ቀያይ የአይጥ ግልገሎች ተደራርበው ተኝተዋል። ካጠገባቸው የነደደ ሽቦ ጫፍ የባናውን ዳር ያጨሳል።

ኃይለመስቀል የሚጨሰውን ዳር ስቦ በእጁ እየመታ አጠፋና፣ ዘወር ሳይል ተናዘዘ። «ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። በኃይሉ አንሣው ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁ። በታመመ ጣትሽ ለመኪናዬ የለፋሽበትን እንዴት ብዬ ልጣለው? ታዝኛለሽ ብዬ ነው ጌትዬ። ይኸው ክርስትናሽንም አበላሸሁት።»

አለቀሰች ብሎ ቢዞር፣ ጌታነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ለመኪናህ? ማን ነው ለመኪና የሚፈትል? ለአንተ እኮ ነው! ማለዳ ወጥተህ ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ ጭንህ ላይ ጣል እንድታደርገው ወንበርህ ላይ አኖርኩልህ። አንተ አንሥተህ ለብረት አለበስከው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲያ ደስ ብሎህ ግንባሬን ስትስመኝ ምን ልበልህ? ዛሬ ይለብሰዋል፣ ነገ ይለብሰዋል ብዬ ማታ ማታ ጠየቅሁህ። አንተ ሞተሩ ላይ፣ ሞተሩ ላይ!»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ ባልና ሚስት ዝምታ ግን አይጥ በልቶታል። ኃይለመስቀል መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣበት፤ በዚያ ብርድ መሐል ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ቆሙ። ከዚያ «አንተ ሰው፣ ቄሱ!» ብላ ጮኸች። ግልገሎቹን ከነጎጆአቸው ሣሩ ውስጥ አኖረች። እሱ የተበላውን ሽቦ ልጦ፣ ጠምዞ፣ በኃይሉ በሰጠው ናስትሮ አሰረው። መኪናዋም እያነጠሰች ተነሣች። ሞላሌ ሲደርሱ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንገቷን አስግጋ ቆማለች፤ ካህኑ ገና ጸሎተ ጥምቀቱን መጀመራቸው ነበር። ጌታነሽ ሕፃኗን ከጥምቀቱ ስትቀበል ጣቷ ያመማት አይመስልም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኃይለመስቀል ማታ ወንበሩን አንሥቶ ሞተሩን ለብርዱ ገልጦ ያሳድረዋል፤ አይጥ ብርድ አትወድም። ማለዳ መኪናዋ አልነሣ ስትለው ጌታነሽ ትኩስ ውኃ አፍልታ ታመጣለታለች፤ እስኪመጣ ግን መሳደቡ አልቀረም።

አንድ ማታ፣ መሐሉ የተቀደደውን ባና ተከናንቦ ገባ። ጌታነሽ ከእንዝርቷ ቀና አለች።

«ባናውን የት አደረግኸው?»

«አይታይሽም እንዴ?»

«ይታየኛል። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው።»

«ለብሼዋለሁ» አላት።