ስሙን የቀየረው የኔትወርክ ካርድ

ሂባ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ገመድ ነቀለች። ጫፉን በሻርፗ ጠረገችና ቀጭ እስኪል መልሳ ሰካችው። ጎንበስ ብላ አረንጓዴዋን መብራት አየች፤ በርታለች። ገመዱ ደህና ነው ማለት ነው። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ ትእዛዝ ጻፈች፤ ኔትወርክ የለም። ሌላ ጻፈች፤ ሜሞሪው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ሂባ ደብረ ታቦር ሙያ ተምራ ንፋስ መውጫ፣ ጋሽ ጌታነህ ኮምፒውተር ቤት የምትሠራ ቴክኒሻን ናት።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ትናንት ማታ ምን ነኩ?»

«እኔ? ምንም!»

«ምንም?»

«ኮምፒውተሩ ራሴን ላሻሽል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። በትሕትና ሲጠይቅ እምቢ ይባላል?»

የተሻሻለው ከርነሉ ነው፤ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያስማማው የሥርዓተ ክወናው እምብርት። በፈተና ምዝገባ ሳምንት ማንም አይነካውም።

ለመመዝገብ ከተሰለፈው ወረፋ ፊት እትዬ ደጊቱ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ፍቅርን ይዘው ከአርብ ገበያ በሚኒባስ ነው የመጡት። ፍቅር የግል ተፈታኝ ናት፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ማታ ይዘጋል። ካመለጣት ዓመቱን ሙሉ ቤት መቀመጧ ነው።

ጋሽ ጌታነህ ስክሪኑን አጮልቀው አዩ። «ሞልቷል እኮ! ሰው እንቀንስለት» ብለው ወረፋውን ወደ ደጅ መንዳት ጀመሩ።

«እላዩ ላይ ተቀምጠናል እንዴ?» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ ንቅንቅ ሳይሉ።

ሂባ ሜሞሪውን የሚበላውን ፈለገች። «ኔትወርክ አለ ወይ?» እያለች የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ናት። መልስ ስታጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቅጂዋ ይነሣል፤ እሱም ይጠብቃል። ማሽኑ በጠባቂ ተጨናንቋል።

ታዲያ ማሽኑን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ካርድ ለምን ዝም አለ? የካርዱን ስም በኔትወርኩ ቅንብር፣ በሴቲንጉ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አስተያየችና ሳቀች።

«አዲሱ ከርነል ለካርዱ ሌላ ስም አውጥቶለታል። ቅንብሩ ግን በድሮው ስም ይጠራዋል።»

«ዕቃ ደግሞ ስም ይቀይራል?» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

«ምነው!» አሉ እትዬ ደጊቱ። «እኔ በአባቴ ቤት አንጓች ነበርኩ። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ደጊቱ አሉኝ። በማግስቱ 'አንጓች' ተብዬ ብጠራ አቤት ልል ነው? አማቴን ላስቀይም?»

«ካርዱ አግብቷል በሉኛ!»

«አዎን፤ እሺ ብለው የዳሩት እርስዎ አይደሉ?» አሉ እትዬ ደጊቱ።

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ሂባ በቅንብሩ ላይ አዲሱን ስም ጻፈች፣ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ አሰናበተች፣ ኔትወርኩን እንደገና አስነሣች። ሜሞሪው ቀለለ። የምዝገባው ገጽ እየተንፏቀቀ ተከፈተ። የፍቅር ፎቶ ገባ፤ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። እትዬ ደጊቱ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ኧረ ቀስ! ደግሞ እንዳይደነግጥ!» አሉ ጋሽ ጌታነህ፣ ማሽኑን በእጃቸው ከልለው።

ይህን ለመጻፍ ስናነጋግራት ሂባ ፎቶ አልነሣም ብላ አንባቢን አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ «ተፈታኝ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምዝገባው እንደተከፈተ ላኩልኝ። ያኔ ኔትወርኩ ቢያኮርፍ እንኳ አባብለዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ግን እኔም ማሽኑም እናኮርፋለን።»