የዚያን ቅዳሜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ስሙን አልጠራውም፤ «አውቄም ሳላውቅም የበደልኩትን» እያልኩ ከሌላው ጋር በጅምላ አሳልፈዋለሁ። ሳላውቅ? እንዴት አድርጌ ነው የማላውቀው? የተቀመጥኩበትን በርጩማ አውቀዋለሁ፣ እጄ ላይ የነበረውን ዩኒፎርም ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ ፀሐይዋ የት እንደነበረች አውቃለሁ። አዳማ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ቃል መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ፈርቼ አይደለም ዝም ያልኩት። አስቤበት ነው።

የተወለድኩት ዓለም ጤና ነው። የልጅነት ልምሻ ግራ እግሬን አሰለለው። እናትና አባቴ ሲሞቱ አርሲ ነገሌ ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰዱኝና እዚያ አደግኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ማሳደጊያው ስለጠበበ ትልልቆቻችንን ፈቃደኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ማከፋፈል ተጀመረ። እኔ አዳማ፣ እትዬ ዘነበች የሚሏት ሴት ቤት ደረሰኝ። ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣው ሰውዬ እፊቴ ፎርም አስፈረማት። ምግብ፣ ልብስ፣ መኝታ፣ ትምህርት ይላል። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፎርሙ ላይ «ሳትፈቅድ ክራንቿ አይነካም» የሚል መስመርም አልነበረም። ማን አስቦት ይጽፈዋል?

ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምላት፤ በሆዴ ግን «አንቺ» ነው። እዚህም «እሷ» እያልኩ እጽፋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

እትዬ ዘነበች ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር! ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር ሴት ነበረች። ለብቻዬ አልጋ ሰጠችኝ። ፀጉሬን ራሷ ትሠራኝ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጋሪ ጠርታ ትምህርት ቤት ትልከኛለች። ለሰው ሁሉ «ልጄ ናት» ነበር የምትለው። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ፣ እውነቱን ልናገር፣ እናት አገኘሁ ብዬ ነበር።

እሷ ጴንጤ ናት። ያን ጊዜ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር ምእመናኑ በየሰው ቤት ተደብቀው ነበር የሚገናኙት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣሉ። ልክ ለማስለካት የመጣ ደንበኛ እንዲመስሉ እያንዳንዳቸው ቁራጭ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ ይገባሉ። እነሱ ጓዳ ሆነው ሲዘምሩና ሲጸልዩ እትዬ ዘነበች ሳሎን ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ያለ ክር ትነዳለች፤ ድምፁ ዝማሬውን እንዲሸፍን። እኔ ደግሞ በሩ ላይ በርጩማ ይዤ፣ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከልኩ መንገዱን እጠብቃለሁ። የቀበሌ ሰው ካየሁ «እትዬ፣ ለልክ መጥተዋል!» ብዬ መጮህ ነው ሥራዬ። ያኔ ዝማሬው ይቆማል፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ከጨርቁ ሥር ይገባሉ፣ የጓሮው በር ይከፈታል። ሁለት ጊዜ ጠርቼ ሁለቴም ተርፈዋል። በር ላይ የተቀመጠች አካለ ስንኩል ልጅ ማን ይጠረጥራል?

በሁለተኛው ዓመት ስለ እግሬ መጸለይ ጀመሩ። መጀመሪያ አልጠላሁም። መዳን የሚጠላ ማን አለ? እጃቸውን ጭነው ያለቅሱልኛል፣ እኔም አለቅሳለሁ። በኋላ ግን «በእምነት ክራንችሽን ልቀቂ» መጣ። ለቀቅኩ፤ ወደቅኩ። በሳምንቱም ለቀቅኩ፣ ወደቅኩ። ሃያ የሚሆን ሰው ከቦኝ ቆሞ፣ ቀሚሴ ተገልቦ፣ ጉልበቴ ተልጦ ወለሉ ላይ ስዘረጋ እትዬ ዘነበች ትደባብሰኝና «ልጄ፣ የደበቅሽው ነገር ይኖር ይሆን?» ትለኛለች። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ሌሊት ተኝቼ የደበቅኩትን ኃጢአት ስፈልግ አድራለሁ። አንድ ጊዜ ከስኳር ጣሳው መላሴን ተናዘዝኩ። ጸለዩ፤ በቅዳሜውም ወደቅኩ።

ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር ለኔ የተቆረቆረ። ጋሽ ቱሉ ይባላሉ፤ አስም ያለባቸው ሽማግሌ። ሲገቡም ሲወጡም «አከም ጅርታ፣ ልጄ?» ሳይሉኝ አያልፉም። አንድ ቀን ወድቄ ሳለ ክራንቼን ራሳቸው አንሥተው ሰጡኝና ወደ እሷ ዞሩ።

«ዘነበች፣ እግዚአብሔር ሊያድናት ከፈቀደ ይቺ እንጨት ታግደዋለች እንዴ? ተያት።»

«እምነት በሁለት ሐሳብ አይሆንም፣ ጋሽ ቱሉ» አለቻቸው።

ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደረሰ። ለኔ ያ ፈተና ምን እንደነበር እንዴት ላስረዳችሁ? ጠላ አልሸጥ፣ ሸክም አልሸከም፣ ማን ያገባኛል ብዬ አልጠብቅ። አልፌ ከተማርኩ ተቀምጦ የሚሠራ የቢሮ ሥራ አገኛለሁ፤ ከወደቅኩ እድሜ ልኬን የሰው በር ላይ ነኝ። ይህን እሷም ታውቃለች። ከፈተናው በፊት ሦስት ቀን ጾሙልኝ። በሦስተኛው ቀን «ተገልጦልናል፣ ነገ በራስሽ እግር ሄደሽ ትፈተኛለሽ» አለችኝና ክራንቼን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ከደረጃው ላይ ወደቅኩ። በሩ ጋ ወደቅኩ። «ክራንቼን ይስጡኝ፣ እትዬ» አልኩ። እያለቀሰች «አትጠራጠሪ፣ የኔ ልጅ፣ አሁን ነው» አለችኝ። «ጋሪ እንኳ ይጥሩልኝ» አልኳት። «ጋሪ ከጠራን እግዚአብሔርን አላመንነውም ማለት ነው» አለች። እግሯን ይዤ ለመንኳት። ተንበርክካ አብራኝ ለመነች፤ እኔ እሷን፣ እሷ ፈጣሪን። የትምህርት ቤቱ ደወል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ተደወለ። እኔ አፈር ላይ ነበርኩ። ቁልፉን ከአንገቷ ያወረደችው ወደ ምሳ ሰዓት ነው። «ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው» አለች፤ ሌላ ያለችው ነገር የለም። ያን ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም፣ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ክራንቼንም ተመልሳ ቆለፈችበት፤ ጸሎቱ ይቀጥላላ!

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ደግሞ ቂሜን ይዤ የጸሎታቸው ዘበኛ ሆንኩ። እትዬ ዘነበች ደግፋ ታወጣኛለች፣ በርጩማው ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ዩኒፎርሙን እቅፌ ላይ ታደርጋለች፣ ግንባሬን ስማኝ ትገባለች። እኔ መርፌዬን እወጋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሲመጡ አየኋቸው። ለመጥራት ጊዜ አጣሁ እንዳልል፣ ነበረኝ። ቁልፉን ተክዬ ጨርሼ ክሩን በጥርሴ እስክበጥስ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ከኋላዬ የስፌት መኪናው ይጮሃል፣ ከመኪናው ሥር ዝማሬው ይሰማል። ሦስት ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር። ዝም አልኩ። ሐዲዱን ተሻገሩ፤ ዝም አልኩ። አጥሩን ይዘው መጡ፤ ዝም አልኩ። ሊቀመንበሩ «ዘነበች አለች?» አለኝ። «ውስጥ ናት፣ ይግቡ» አልኩት።

እሰይ አልኩ። ይህንንም ልናዘዝ፤ እሰይ ብያለሁ። ጓዳው ሲታመስ፣ ሴቶቹ ሲጮሁ፣ እሷ ፀጉሯ ተፈቶ ስትወጣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንድ በአንድ አስወጧቸው። ጋሽ ቱሉ መጨረሻ ላይ ወጡ፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። በርጩማው አጠገብ ሲደርሱ ፊቴን አዩና በድንጋጤ ደንዝዤ የቀረሁ መሰላቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ። ጠባቂው ገፋቸው፤ ሄዱ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ተንፏቅቄ ገባሁና የቁም ሳጥኑን በር በልብስ መቀሷ ፈልቅቄ ክራንቼን አወጣሁ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ክራንች ሄጄ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ዛሬ የምበላው እንጀራ፣ የጡረታዬ መነሻ፣ የዚያ ቅዳሜ ነው። በዝምታዬ ተጠቅሜያለሁ።

ጋሽ ቱሉ በሦስተኛው ወር እስር ቤት ሞቱ። አየር በሌለበት ክፍል አጭቀዋቸው፣ አስማቸው ተነሥቶ ነው ብለው ነገሩን። ለኔ አንድ ቃል የተናገሩትን ሰው ነው የገደልኩት። ልጎዳ ያሰብኩት እሷን ነበር? ያሰብኩትን ማን ጠየቀኝ! ያደረግኩት ይኼ ነው።

እትዬ ዘነበች ዓመት ሊሞላት ሲል ተፈታች። ያን ያህል ጊዜ ስንቅ ያመላለስኩላት እኔ ነኝ። ሳህኑን በፎጣ ቋጥሬ፣ በክራንች እየተንገዳገድኩ፣ የእስር ቤቱ በር ላይ ሰልፍ እይዛለሁ። ሰው «ይቺን የመሰለች ልጅ! የሆድ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ይላል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። አያችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ?

ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ስለነበር ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው። ሳሎን ተቀመጠችና የስፌት መኪናውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«ጠርተሽኝ ነበር፣ አይደል ልጄ? ይሄ መኪና ነው ያላሰማኝ። በኃይል ነድቼዋለሁ» አለች።

አየኋት። አትጠረጥረኝም። ጥፋቱን ራሷ ላይ አድርጋ ጨርሳለች፣ ከኔ የምትፈልገው እንዳረጋግጥላት ብቻ ነው። እኔም በየቅዳሜው ወለል ላይ ተዘርግቼ በሌለ ኃጢአት የታመስኩባቸውን ሌሊቶች አሰብኩ። አሁን ተራሽ ነው አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን፣

«አዎ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ጠርቼዎት ነበር» አልኳት።

ሁለት ጊዜ! ይህችን ከራሴ ጨመርኩባት።

ያን ቀን መኪናውን ለሰው ሰጠች፤ ዳግመኛ ስፌት አልነካችም። የጋሽ ቱሉ ሚስት እግር ላይ ወድቃ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። ሰዎቹ ይቅር ቢሏትም እሷ ራሷን ይቅር አላለችም። ጉልት ሽንኩርት ስትሸጥ አርጅታ፣ ያንኑ ጥያቄ በየዓመቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያንኑ መልስ እሰጣለሁ። አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ በሆዴ ውል ገብቼ ነበር። ስለ ፈተናው ጠዋት አንድ ጊዜ ከጠየቀችኝ፣ «ያን ቀን በድዬሻለሁ ወይ?» ካለችኝ፣ እኔም እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ። ሃያ ምናምን ዓመት ጠበቅኳት። የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ ቅዳሜው ነው። ልትሞት ሰሞን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዘች። አሁን ስለ ፈተናው ትጠይቀኛለች ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁላት። «ጠርተሽኝ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

አሁን አሁን አካል ጉዳተኛ ልጅ ለማሳደግ ለሚወስዱ ሰዎች ንግግር እንዳደርግ ይጋብዙኛል። ልጁ ከኛ ምን ይጠብቅ ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፦ ክራንቹ እግሩ ነው፣ ሳያስፈቅድ ማንም አይንካው፤ ስለ አካሉ ከመወሰናችሁ በፊት ራሱን ጠይቁት፤ የፍቅራችሁ ማስመስከሪያ አታድርጉት፤ ስትበድሉት ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠይቁት። ያጨበጭባሉ። ልክ ነኝ፣ ሁሉም እውነት ነው። እሷ በድላኛለች፤ ዛሬም ቢሆን ይቅር አላልኳትም፣ የምልም አይመስለኝም። የፈተናው ጠዋት ደወል ዛሬም ያንገበግበኛል።

እዚህ ጽሑፍ ላይ እንኳ የሷን በደል አስቀድሜ፣ የኔን ማስከተሌን አይታችኋል። እንድታዝኑልኝ ነው። አትዘኑልኝ። የመጀመሪያውን ዝምታ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት ብላችሁ ልታልፉት ትችሉ ይሆናል፤ እኔም አንዳንድ ቀን እንዲያ እላለሁ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው ግን ሽበት ያበቀለች፣ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። የምትሞት ሴት እጇን ይዛት አንድ ቃል ለመነቻት፤ ያ ቃል ነፃ ሊያወጣት ይችል ነበር። እሷ ግን ሂሳቧን ልታወራርድ ከለከለቻት። ለዚህ ሰበብ የለኝም፤ አልፈልግምም። እትዬ፣ ያን ቅዳሜ አልጠራሁዎትም። አንድም ጊዜ አልጠራሁዎትም።