የወልደየሱስ ጦርነቶች

ወልደየሱስ ለምሳ ከተቀመጠ ጠረጴዛዬ ሰላም የለውም። የጨው ዕቃዬን ጀርመን ያደርገዋል። የሚጥሚጣው ማስቀመጫ ስታሊንግራድ ነው፤ ናፕኪኑን ዘርግቶ የቮልጋ ወንዝ ይለዋል። ስቴኪኒዎቹን ግራና ቀኝ ደርድሮ «እነዚህ ሮማኒያዎቹ ናቸው፤ የጀርመንን ጎን የሚጠብቁት» ይላል። ከዚያ በጣቱ ጠረግ ያደርጋቸዋል። «ሩሲያ በዚህ በኩል መጣች። ሮማኒያዎቹ ተደረመሱ፤ ጀርመን ተከበበ። ጦርነቱ የዞረው እዚህ ላይ ነው።» ስቴኪኒውን ከወለል ላይ የምለቅመው ግን እኔ ሰርካዲስ ነኝ።

ምግብ ቤቴ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ኢስትሙር ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። ወልደየሱስ ግሮቭፖርት ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ሺፍቱ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። አብሮት የሚሠራ ኑረዲን የሚባል በዲቪ የመጣ ወጣት አለ፤ ሥራው እሱን ማብሸቅ ነው። «ጋሼ፣ ዋናው መዞሪያ እኮ ኤል አላሜን ነው» ካለው አለቀ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። «ኤል አላሜን መጥፎ ውጊያ አይደለም» ይላል ወልደየሱስ እያዘነለት፤ «ግን ስታሊንግራድ አጠገብ አይቆምም።»

እኔ ደግሞ ያናድደኛል። «ያን ሁሉ ሰው የበላውን ነገር እንደ ኳስ ጨዋታ ታወሩታላችሁ!» ብዬ እቆጣለሁ። ይስቃሉ፤ ከዚያ ሌላ ሻይ ያዛሉ።

ወልደየሱስ ራሱ ወታደር እንደነበር የነገረችኝ ባለቤቱ ቆንጂት ናት። በደርግ ጊዜ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ተወስዶ፣ በኋላም በሱዳን በኩል ነው እዚህ አገር የደረሰው። እዚያ ስላየው ነገር ግን ለሚስቱም ቢሆን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የሰው አገር ጦርነት ሲሆን ነው ምላሱ የሚፈታው።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ሀሴት። እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛ ለማስለመድ እናቷ በተረት ሞከረች፤ ቤተ ክርስቲያን በፊደል ሞከረ፤ ልጅቷ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። በመጨረሻ መላ ያገኘው አባቷ ነው። ጦርነቶቹን ይተርክላት ጀመር፣ በአማርኛ ብቻ። በእንግሊዝኛ ከጠየቀችው የጀርመንን ጦር ሞስኮ በር ላይ አቁሞ ዝም ይላል። ቀጥሎ የሆነውን ማወቅ ከፈለገች በአማርኛ መጠየቅ ግድ ነው። ጠየቀችም። ኖርማንዲ ላይ ስትደርስ አሳምራ ታወራ ነበር።

አማርኛዋ ግን የጉድ ነው። መክተፊያ አቀብዪኝ ብላት ማንኪያ ታመጣለች፤ ከበባን፣ ደጀንን፣ ማፈግፈግን ግን አብጠርጥራ ታውቃለች። አንድ ቀን ወጥ አልቆብኝ ስሯሯጥ አይታ «እትዬ ሰርካዲስ፣ ደጀኑ ስንቅ አላቀበለሽም?» ብትለኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አባቷ የዚያን ቀን የነበረው ኩራት አይጣል ነው።

ዘንድሮ ሃይስኩል ጨረሰች። አባቷ ነርስ ትሆናለች ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል። እሷ አንድ ቀን ቤት ገብታ «አባዬ፣ አርሚ ልገባ ነው፤ ሳይን አድርጌያለሁ» አለችው። አሥራ ስምንት ስለሞላት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም።

የሚያስፈልጋት ምርቃት ነበር። እዚህ ያደገች ልጅ ስለ ምርቃት ምን ገዷት ትሉ ይሆናል። ገዷታል። መንጃ ፈቃድ ልትፈተን ስትሄድ እንኳ አባቷ ፊት ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ አሜን ብላ ነው የወጣችው። አሁን እናቷ እያለቀሰችም ቢሆን መርቃታለች። ወልደየሱስ ግን «ብትሄድ ትሂድ፤ እኔ አልመርቅም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ቤት ቢመጣም ጎንበስ ብሎ በልቶ ይወጣል። ኑረዲን «ጋሼ፣ ሚድዌይስ?» ብሎ ቢነካካው ቀና ብሎም አላየው። የጨው ዕቃዬ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰነበተ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላለኝም።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ፣ ቆንጂት ደወለችልኝ። «ሰርካዲስ፣ እቤት ውስጥ እንደተኳረፉ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንቺ ጋ ይዣቸው ልምጣ። ሰው ፊት ምናልባት ያፍራል» አለችኝ። ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። በሩን ቆልፌ ምሳ አቀረብኩ፤ የነካው የለም።

መጀመሪያ የተናገረችው ሀሴት ናት። «አባዬ፣ ለምን ትቆጣለህ? ጦርነት ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ያስተማርኩሽ አማርኛ ነው።»

«ኖ፣ አባዬ። ጀግንነት ነው ያስተማርከኝ። ከበባ ሰብሮ መውጣት፣ ለወገን መድረስ። አይ ላቭድ ኢት። አሁን እኔ ላድርገው ስል ጥፋት ሆነ?»

ይጮህባታል ብዬ ፈራሁ። አልጮኸም። «ሮማኒያዎቹን ታስታውሻቸዋለሽ?» አላት።

«ጎን የሚጠብቁት። የተደረመሱት።»

«ከነሱ የአንዱን ስም ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«እኔም አላውቀውማ። መጽሐፉ ተደረመሱ ይልና ያልፋል። ልጄ፣ እኔ ከተደረመሱት ነኝ።»

ቆንጂት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ድምፁን ሳያነሳ ቀጠለ።

«እናቴ ጋዝ ግዛ ብላ ገበያ ላከችኝ። ገበያው ተከቦ ታፈስን። ጠርሙሱን እንደያዝኩ መኪና ላይ ተጫንኩ። የመረቀኝም የሸኘኝም የለም፤ እናቴ የት እንደገባሁ እንኳ አታውቅም። ወደ ሰሜን ወሰዱንና አንድ ተራራ ጠብቁ አሉን። አጠገቤ አንድርያስ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። አባቱ ቄስ ናቸው፤ መርቀው ነው የሸኙት። ምርቃቱን በቃሉ ይዞታል። ሲመሽ ምሽግ ውስጥ ይደግመውና ‹ላንተም ይሁን› ይለኝ ነበር፤ ያልተመረቅኩ መሆኔ አሳዝኖት። አንድ ቀን ጠዋት ተራራው ተደረመሰ። ከዚያ ቀን እኔ የማውቀው ውሃ ጥም ነው። አንድርያስ ጠራኝ፤ ስዞር የለም። በኋላ ሱዳን፣ ካምፕ ውስጥ፣ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ያ ቀን የጦርነቱ መዞሪያ ነበር አሉ። እዚያ የነበርነው ግን አላወቅንም።»

ሀሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ታዲያ ለዚህ ነው የማትመርቀኝ? ምርቃት አይሠራም ብለህ?»

«የተመረቀው ሞተ፤ ያልተመረቀው እዚህ ተቀምጦ ፎርክሊፍት ይነዳል። ምን ብዬ ልመርቅሽ? ደግሞ ከመረቅኩሽ የላክሁሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። እፈራለሁ፣ ሀሴትዬ። በጣም ነው የምፈራው።»

በሰው ቤት ጉዳይ እጄን ባላስገባ ጥሩ ነበር። ግን አፌ አልቻለም።

«ወልዴ፣ ያልተመረቀ ነው ያልከው? ታዲያ ያ የቄስ ልጅ በየምሽቱ ምን ሲያደርግልህ ነበር?»

ዞሮ አየኝ። ተቀየመኝ ብዬ ነበር። ወልደየሱስ ግን ያን ያህል ዘመን አንድርያስን ሲያስብ ይህ አንድም ቀን አልታየውም፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ሚስቱም እኔም አይተን የማናውቀውን ለቅሶ አለቀሰ። የልቡን አልቅሶ ሲያበቃ ፊቱን ጠርጎ ተነሳ።

ሀሴትም ተነስታ ፊቱ ራሷን ዝቅ አደረገች። እጁን ጫነባት። «ጠላትሽን ከእግርሽ ሥር…» ብሎ ጀመረና ተወው። ለወታደር የሚባለው ሁሉ ከአፉ አልወጣ ያለው ይመስለኛል። ቆም ብሎ አሰበ።

«እግዚአብሔር ታሪክ በማያውቀው ቦታ ያውልሽ» አላት።

«አሜን» አልን።

«የምትጠብቂው ተራራ መጽሐፍ ላይ አይውጣ።»

«አሜን።»

«መዞሪያ በሚሉት ቀን አንቺ ሩቅ አገር ድንች ስትልጪ ዋዪ።»

ቆንጂት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «አሜን» አልን።

እጁን ከራሷ ላይ አላነሳም። «አርጅተሽ፣ ልጅ ወልደሽ፣ የምታወሪላት ጦርነት አይኑርሽ» አላት።

ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ አሜን ያለችው ሀሴት ናት።