ያልተቀባው ግድግዳ

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «መሰላል» ይሉታል፤ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ስለሚቀረው ነው። ቀለም ቀቢ ነው። ባለፈው ወር መሰላል ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረና እስከ ጉልበቱ ጄሶ ታሰረለት። ጎረቤቱ ሁሉ አዝኖ ሊጠይቀው መጣ፤ ሲወጡ ግን በሩ ላይ ሳቃቸውን መያዝ ሲያቅታቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ስቄያለሁ።

ያልሳቅኩት መዋለ ሕፃናቱ ለእረፍት ሲዘጋ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጃችን ድንቡሼ ሰባት ሳምንት ሙሉ ቤት ልትውል ነው። እኔ የምሠራው ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው፤ የዓመት ፈቃዴን እሱን ሳስታምም ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ ቤት የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ አንዷ መሮጥ እንጂ መራመድ አታውቅም፣ አንዱ ደግሞ ክራንቹን ፈልጎ ከወንበር እስኪነሳ የሻይ ውሃ ይፈላል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ወዲያው ደወለች። እናቴ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ግልምጫ አንድ ሰልፍ ተማሪ ቀጥ ስታደርግ የኖረች።

«አርብ እመጣለሁ፤ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ። ትምህርት ሲከፈት እመልሳታለሁ» አለች። እሷ ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ነው።

ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለኝ። «እማማ፣ እስከ አርብ ልሞክረው። ካልቻልኩ ይውሰዷት።»

ለምን እንደዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ዓምና ሌላ ከተማ ሕንፃ ሲቀባ ሰባት ወር ቆየ። ሲመለስ ድንቡሼ አላወቀችውም። እጁን ሲዘረጋላት ጮኻ አለቀሰችና ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። እሱም የገዛላትን አሻንጉሊት እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጭኑ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ወር ፈጀባት። አሁን ሰባት ሳምንት ብትሄድ እንደገና እንደምትረሳው እርግጠኛ ነበር፤ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ድንቡሼ ጄሶው ላይ በከንፈር ቀለሜ ስትሞነጫጭር አገኘኋቸው። ዱቄት ከኩሽና እስከ ሳሎን ተነስንሷል። አንድ ጫማው ውስጥ ዘይት አለ።

«ጫማ ውስጥ ዘይት ምን ይሠራል?» አልኩት።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አለ።

ማክሰኞ ሰዓት ይዞ መዘገበ። ኳስ ዘጠኝ ደቂቃ ያዛት፣ ድስትና ማንኪያ አሥራ አንድ ደቂቃ። የካርቶን ቤት ሠራላት፤ ገባች፣ ወጣች፣ ከዚያ ረግጣ አፈረሰችው። ተረት ጀመረላት፤ አንበሳው ሳይመጣ ተነስታ ሄደች። «ቀን እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር» አለኝ። ይህን የሚለው ስድስት ፎቅ በእጁ የሚቀባ ሰው ነው። አንጀቴን በላኝ፤ በልቤ ግን የልጅቷን ልብሶች መቁጠር ጀምሬ ነበር።

የረቡዕን ነገር የሰማሁት ከራሱ ነው፤ ማጋነን ስለሚወድ ሩቡን ቀንሱለት።

ከኩሽናችን በር ወጣ ሲባል አራት እርምጃ የማትሞላ ግቢ አለችን። ግድግዳዋ ሲሚንቶ ተለስኖ እንዲሁ የቀረ ነው። እዚህ ቤት ከገባን አራት ዓመታችን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ «ቀባልኝ» እያልኩ ነዝንዤዋለሁ። የሰው ቤት ሁሉ የሚያሳምር ሰው የራሱን ጓሮ እንዲህ ይተዋል? መልሱ ሁሌም «በሚቀጥለው ሳምንት» ነው።

ረቡዕ ዕለት በሩ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሰቅሎ፣ የደረቁ ብሩሾቹን በውሃ ቆርቆሮ ውስጥ ሲያጥብ ድንቡሼ ትንሹን ብሩሽ ነጠቀችውና ግድግዳውን መታችበት። ሲሚንቶው ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። አፏን ከፍታ አየችው። ደገመች። ሌላ መስመር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ፀሐዩ የመጀመሪያውን መስመር አጠፋው።

«ሄደ» አለች፤ ከንፈሯ ለለቅሶ ተዘጋጀ።

«አልሄደም። ደረቀ» አላት። «ሲደርቅ ይደገማል።»

ደገመች። ደረቀ። ደገመች። ሰዓቱን ሲያይ ከጀመረች አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗታል። ግድግዳው ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር እንጂ መስመሩ አይታይም ነበር። ይህን ሲነግረኝ የአራት ዓመት ንዝንዜን አስታውሶ ፈገግታውን ከእኔ ለመደበቅ አልሞከረም።

ሐሙስ ሥራው ሥርዓት ያዘ። ጋዜጣ አጥፎ ባርኔጣ ሠራላት፤ ለራሱም ሠራ። በወረቀት ፕላስተር ግድግዳውን ከፋፍሎ «ይሄ ሳሎን ነው፣ ይሄ መኝታ ቤት» አላት። የሥራውን ሕግ አስተማራት፤ ከላይ ወደ ታች ነው፣ አይንጠባጠብም፣ መድረቁን ለማወቅ በጣት ጀርባ ይነካል፣ እርጥብ ግድግዳ ትቶ የሚሄድ ሠራተኛ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ፎርማን ሲጮህበት የኖረ ሰው በስተመጨረሻ ፎርማን ሆነ፤ ያውም ተቀምጦ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ግን አሁንም ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ሁለት ቀን ሰባት ሳምንት አይሆንም። አርብ ግማሽ ቀን አስፈቀድኩና ጠዋት የልጅቷን ልብስ በቦርሳ ከተትኩ። በክራንቹ በአጠገቤ አለፈ፤ ቦርሳውን አየ።

እናቴ ለምሳ ደረሰች። ቤቱን እንደ መማሪያ ክፍል ዞራ አየች፤ የምትነቅፈው ነገር አላገኘችም። ድንቡሼ ባርኔጣዋን አድርጋ ጓሮ ናት። ትንሹን ብሩሽ ብትጠይቅ አባቷ «ዛሬ በትልቁ ነው» ብሏታል፤ እሷም በሁለት እጇ ይዛ ትታገላለች።

«በቃ፣ የእኔ ቆንጆ፣ ነይ እንሂድ» አለች እናቴ። «የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ያመልጠናል።»

ድንቡሼ ግድግዳውን በጣቷ ጀርባ ነካችና «አልደረቀም» አለች።

«እኛ ስንሄድ ይደርቃል።»

ልጅቷ አያቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወደ ፎርማኗ ዞረች። እሱ ወንበሩን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ልጅቷ በርጩማ ጎተተችና «ቁጭ በይ» አለች አያቷን። «አልደረቀም።»

ሺህ ተማሪ ያስቀመጠችው እናቴ ተቀመጠች።

ሳሎኑ ሲደርቅ መኝታ ቤቱ እርጥብ ነው። መኝታ ቤቱ ሲደርቅ ልጅቷ ሳሎኑን ደግማዋለች። እናቴ ሰዓቷን ሦስት ጊዜ አየች፤ አራተኛውን ጊዜ ሰዓቷን ሳይሆን ግድግዳውን አየች። «እዚያ ጋ አልነካሽውም» ስትል ሰማኋት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው፣ «ይሄ ግድግዳ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ትምህርት ሲከፈት፣ እማማ» አላት።

ድንቡሼ በመጨረሻ ብሩሹን እንደያዘች ዓይኗ ተከደነ። እናቴ ወደ አልጋ ልትወስዳት ከመሬት ስታነሳት ልጅቷ ነቃችና አለቀሰች። እጇን ዘረጋች፤ ወደ እኔ አይደለም። ወደ ወንበሩ ዘርግታ «አባዬ» አለች። ዓምና በሩ ላይ ቆሞ የቀረው ሰውዬ ልጁን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስተኛት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ እኔ መመለሻ አጥቼ ፊት ለፊታቸው አለቀስኩ።

ገብቼ ቦርሳውን ፈታሁ። ልብሶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ከታች በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ገባ፤ ትንሹ ብሩሽ ነው። ይዤው ወጣሁና አሳየሁት።

«እዚያም ግድግዳ አይጠፋም ብዬ ነው» አለ፣ ልጅቷን ላለማንቃት ቀስ ብሎ። «ስትቀባ ታስታውሰኛለች ብዬ።»

እናቴ ብሩሹን ከእጄ ወሰደች። አገላበጠችው። ማታውን ለራሷ የሌሊት ልብስ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጓሮ ብወጣ ሦስት የጋዜጣ ባርኔጣ አየሁ። እናቴ ትንሹን ብሩሽ ይዛ ግድግዳው ፊት ቆማለች።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አለች።

«ከላይ» አለች ድንቡሼ፤ አባቷም በወንበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።