ሲስተርን ያጎረስኩበት ቀን

የበደለችኝ የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ የነበረችው ናት፤ የማዶ ጎረቤታችን ባረፉ በሠልስቱ። ስሟን አልነግርሽም፤ በአፌ ማዞርም አልፈልግም። በረኪና በሸተተኝ ቁጥር ግን ትመጣብኛለች። ትናንት የልጅ ልጄ ደረጃውን ስታጥብ ሸተተኝና ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ።

ያኔ ነፋስ ስልክ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ድንኳኑ የተጣለው ጭቃ ላይ ነው። ዝናብ ያረጠበው ሸራ ይሸታል፤ ውስጡ ያለው ብርሃን ቢጫ ነበር። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ማስተናገድ የልጃገረዶች ሥራ ነው፤ እዚያ ያልታየች ልጅ ለሰፈሩ እንደሌለች ናት። እኔም እንጀራና ምስር ወጥ የያዘ ትሪ ተሸክሜ ገባሁ። ሴትዮዋ መሀል ድንኳን ላይ አስቆመችኝ።

«አስቀምጪው። የሳንባ ነቀርሳሽን ይዘሽ ሰው ልትፈጂ ነው?»

ጤና ጣቢያ ስገባ ያየኝ ሰው ነግሯት ኖሯል። የጠጣሁበትን ኩባያ በረኪና ውስጥ እንዲነክሩት አዘዘች። የአንዷ ሴት ድምፅ ከኋላ ተሰማኝ፤ «ከእናቷ ቤት ዳቦ እየገዛን እኮ ነው» ትላለች። እናቴ በር ላይ ዳቦ እየሸጠች ነበር የምታሳድገን። ያ ወሬ እንዲሁ ከድንኳኑ ቢወጣ እኛ የምንበላው አይኖርም ነበር።

የሚያክሙኝ ሲስተር ነበሩ። ቀን ጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ቅዳሜና እሑድ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በእግራቸው እስከ ፉሪ እየሄዱ መድኃኒት ያቋረጠውን ይፈልጋሉ፣ አራስ ይጠይቃሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን እንደማያውቁኝ ያልፉኝ ነበር። በሆዴ ተቀይሜያቸዋለሁ። እሳቸው ቆመው ሰላም ያሉትን ሁሉ ሰፈሩ በሽተኛ ነው እንደሚል ስለሚያውቁ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የዚያን ቀን ከሥራ በቀጥታ መጥተው፣ ጋውናቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው፣

«አንቺ ልጅ፣ ነይ፤ ለእኔ አንቺ አቅርቢልኝ» አሉ።

«ሲስተር፣ ልጅቷ እኮ…» ብላ ጀመረች ሴትዮዋ።

«አውቃለሁ እትዬ፤ እኔው ነኝ የማክማት። መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ወስዳለች፤ አሁን ወደ ሰው አይተላለፍባትም።»

ትሪውን ይዤ ሄጄ ፊታቸው ዝቅ አልኩ። ሲስተር አንዴ ቀመሱና እንዳጎርሳቸው ጠየቁኝ። አጎረስኳቸው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፤ ደገምኩላቸው። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያል። አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ።

«ሲስተር በወጣትነታቸው ያልፈሩትን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለምን ብዬ ልፍራ?»

ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳና ተሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ወደ ሥራ ሲሄዱ እናቴ ደጃፍ ቆመው ዳቦ ገዙ፤ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው እየገመጡ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠዋት እንዲሁ አደረጉ። የእናቴ ዳቦ ገዢ አላጣም።

ከዳንኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳቸውን ይዤ አብሬያቸው እዞር ጀመር። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። የበሽተኛ ቤት ሲገቡ ወንበር አይፈልጉም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ጡረታ ወጥተውም ሲዞሩ አይቼ፣ አሁንስ አይበቃም ወይ ብላቸው፣ «ጡረታ የወጣሁት ከደሞዙ ነው» አሉኝ።

ስለዚያች ሴት ባነሳሁ ቁጥር ግን እንድተወው ይመክሩኝ ነበር። ባለማወቅ ነው ያደረገችው ይላሉ። በሌላው ሁሉ እሰማቸዋለሁ፤ በዚህ አልሰማኋቸውም። ሴትዮዋም አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

አምና ሲስተር አረፉ። የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ አሁን እኔ ነኝ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። ያቺ ሴት አርጅታ፣ በልጇ ተደግፋ መጥታ ተቀመጠች። ወጡን እኔ ራሴ እያወጣሁ ሰዉን ሁሉ አስተናገድኩ። ለእሷ ሌላ ሰው አቀረበላት።