ትብለጥ የሸጠችው የኻልዳ ቤት

ትብለጥ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቤቱ የሚሸጥ ከሆነ ይሸጥ፣ የማይሸጥ ከሆነም አይሸጥ፣ ቁርጡን ይንገሯት። ቤቱ የእሷ አይደለም። በጆርዳን፣ ኻልዳ በሚባል ሰፈር ያለ፣ በነጭ ድንጋይ የተሠራ፣ ከፊቱ የወይራ ዛፎች የቆሙለት የአሠሪዋ የኡም ነቢል ቤት ነው። ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ያጸዳችውም ያደረችበትም እሱ ስለሆነ፣ የቤቱ ዕጣ የእሷም ዕጣ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ቤቱ ከተሸጠ ኡም ነቢል ጁበይሃ ሰፈር ወዳለው የልጃቸው የሩላ አፓርታማ ይገባሉ፤ እዚያ ለሠራተኛ የሚሆን ክፍል የለም። ትብለጥ ማርካ የሚባል ሰፈር ሄዳ ከጓደኛዋ ከውድነሽ ጋር ትኖራለች። ውድነሽ በተመላላሽነት ቤት የምታጸዳ ናት፤ የክፍሏም ግማሽ ባዶ ነው። ቤቱ ካልተሸጠ ደግሞ ትብለጥ እዚያው ትቀመጣለች፣ ውድነሽም ግማሹን ክፍል ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ሁለቱም መልካም ነው። መልካም ያልሆነው መሃሉ ነው፤ መሃሉ ደግሞ ኮሮና ከገባ ጀምሮ አላልቅ አለ።

በመጀመሪያዎቹ የሰዓት እላፊ ወራት ሩላ «አሁኑኑ ይሸጥ» አለች። እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ድንገት ቢታመሙ ማን ይደርስላቸዋል? ዱባይ ያለው ወንድሟ ነቢል «ይቆይ» አለ። በወረርሽኝ ጊዜ የሚገዛ ሰው የሻጩን ጭንቀት አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የክርክሩ አስገራሚነትም እዚህ ላይ ነው። አንዳቸው ቢሳሳቱ ኖሮ በቶሎ ያልቅ ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ቦታ ተለዋወጡ። ነቢል የሚሠራበት ድርጅት ሰው መቀነስ ሲጀምር «ይሸጥ» አለ። የሩላ ልጆች ትምህርታቸውን ቤት ሆነው በኮምፒውተር ሲከታተሉ ደግሞ እናቷን የምታስተኛበት ቦታ ጠፋና እሷ በተራዋ «ይቆይ» አለች። ኡም ነቢል ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ከተናገረው ጋር ይስማማሉ።

ትብለጥ ይህን ሁሉ የምታውቀው በቪዲዮ ሲነጋገሩ ስልኩን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ነው። ኡም ነቢል ራሳቸው ሲይዙት ለልጆቻቸው የሚታየው ጣሪያው ነው። ስለዚህ ትብለጥ ሶፋው አጠገብ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ክርክሩን እስኪያልቅ ትሸከማለች።

«ማማ፣ ክንዴ ዛለ» ትላለች።

«በሌላኛው ያዢው፣ አላህ ሁለት የሰጠሽ ለምን ሆነና?» ይላሉ ኡም ነቢል።

ከክርክሩ ይልቅ የሚያንገበግባት ግን ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች ነበሩ። በኡም ነቢል ቤት የእንግዳ ሳሎን ለቤተሰብ አይከፈትም፤ ሶፋው አንሶላ ለብሶ እንግዳ ይጠብቃል። ደላላው «ሰው ይዤ ልመጣ ነው» ባለ ቁጥር ትብለጥ አንሶላውን ታነሳለች፣ የበር እጀታዎቹን በበረኪና ትወለውላለች። ሰዎቹ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ቁምሳጥን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ «እናስብበታለን» ብለው ይሄዳሉ። እሷም እጀታውን እንደገና ትወለውላለች፣ አንሶላውን ትመልሳለች።

አንዱ ሰውዬ ወጥ ቤቱን አይቶ ሲጨርስ ወደ እሷ ዞረና፣ «አንቺስ ከቤቱ ጋር ነሽ?» አላት።

«እኔን ለመቅጠር እርስዎም ቤትዎን መሸጥ ሊኖርብዎት ነው» አለችው።

ደላላው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ኡም ነቢልም ያን ሰሞን ሁሉ «ገዢ አባረርሽ» ሲሏት ሰነበቱ።

ማታ ማታ ውድነሽ ትደውላለች። «ትብዬ፣ ምን ተወሰነ?»

«ነገ እንወስናለን ብለዋል።»

«የዛሬው ነገ ነው ወይስ ያ ያምናው ነገ? ስሚኝ፣ ሙሉወርቅ ክፍሉን ትፈልገዋለች። ስንት ጊዜ ልዋሻት?»

በመከር ወራት አቡ ሰነድ የሚባል ጡረተኛ መሐንዲስ መጣ። ቤቱን ደጋግሞ አይቶታል፤ ልቡ ከወይራዎቹ ላይ ቀርቷል። በሄደ በመጣ ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» ሲሉት ሰለቸውና አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ከተፍ አለ።

እዚህ ላይ የአገሩን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልማዱም እጅግ የሚያስደስት ነው። ጆርዳን ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ያለው ሰው፣ ልጅ ለማጨትም ይሁን ጠበኛ ለማስታረቅ፣ ሽማግሌ ይልካል። ለሽማግሌው ቡና ይቀርብለታል። ስኒውን ተቀብሎ ከፊቱ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጠጣም። አለመጠጣቱ ራሱ ንግግር ነው፤ «የመጣሁበት ካልተፈጸመልኝ ቡናችሁን አልቀምስም» ማለቱ ነው። የቤቱ ሰው «ቡናህን ጠጣ» ያለው እንደሆነ ጉዳዩ ተፈቅዷል፣ አለቀ። ቤት ለመግዛት እንዲህ የሚያደርግ ብዙም አይገኝም፤ አቡ ሰነድ ግን ሌላውን መንገድ ሞክሮ ጨርሶ ነበር።

በእኛ ልማድ ደግሞ እንግዳ የቀረበለትን ሳይነካ ሲቀር ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። በሞቴ ይባላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፣ እስኪቀምስ ይለመናል። ትብለጥ በዚህ ያደገች ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ቡና አቅርባ ወዲያው ወደ ወጥ ቤት ስለምትመለስ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አይታ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ስልኩን መያዝ ስለነበረባት እዚያው ቆመች።

በስልኩ ውስጥ ነቢልና ሩላ እንደገና ጀመሩ። ኡም ነቢል አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስቱ ስኒዎች እንደተቀመጡ ናቸው። ትብለጥ ቡናው ውስጥ ያለው ሄል በዝቶባቸው ይሆን ብላ አሰበች፤ ከዚያም ተናደው ይሆናል አለች። ሽማግሌን አስቀይሞ መሸኘት አላስቻላትም። ጎንበስ ብላ ትልቁን ሽማግሌ ለመነቻቸው።

«ሐጅ፣ ቡናው ቀዘቀዘ እኮ። ስለ እኔ ብለው ይጠጡ።»

ሽማግሌው ትብለጥን አዩ፣ ከዚያ ኡም ነቢልን አዩ። ኡም ነቢል ነጠላ ጫማቸውን አዩ። «አይ፣ እሷ ሠራተኛ ናት፣ ቃሏ ቃል አይሆንም» ለማለት በቂ ጊዜ ነበራቸው፤ አላሉም። ሽማግሌው ስኒውን አንስተው ፉት አሉ፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

«አላህ ይባርከው» አሉ ሽማግሌው። «ጨርሰናል።»

«ማነው ጠጡ ያላቸው?» አለ ነቢል ከስልኩ ውስጥ። «ትብለጥ ናት? እሷ ምን አግብቷት?»

«በቤቴ የተቀዳ ቡና ነው» አሉ ኡም ነቢል። «የተጠጣ ደግሞ ወደ ጀበና አይመለስም።»

በዚያው ቀብድ ተቀበሉ። ኡም ነቢል ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸው ፈካ። መወሰን ነበር እንጂ መሸጡ አልነበረም ያስጨነቃቸው። ለጎረቤት ሁሉ «እኔ ምን አደረግሁ፣ ትብለጥ ሸጠችው» ይላሉ። መንደሩ ውስጥ ሌላ ቤት ደህና ዋጋ ሲያወጣ ነቢል የደወለው ለእናቱ ሳይሆን ለትብለጥ ነበር፤ «ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» ሊላት።

ስም ተዛውሮ ኡም ነቢል ጁበይሃ ሲገቡ ሩላ ልጆቿን አንድ ክፍል ውስጥ ጠቅጥቃ ለእናቷ አልጋ አዘጋጀች። ለትብለጥም አዘጋጅታለች፦ በመስታወት የተዘጋ በረንዳ፣ ከራስጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽን።

«ሲሽከረከር እንቅልፍ ያመጣል» አለቻት።

«እንግዲያው እርስዎ ይተኙበት፣ ማዳም ሩላ፤ ደክሞዎታል» አለች ትብለጥ።

ከዚያም ሐሳቧን ነገረቻት፦ ማርካ ትኖራለች፣ ጠዋት እየመጣች ኡም ነቢልን ትንከባከባለች፣ ከሰዓት እላፊው በፊት ትመለሳለች። ፈቃዱን መስጠት ያለበት አሠሪዋ ተብሎ የተመዘገበው ነቢል ነው፤ እሱ ደግሞ «ነገሮች ሲረጋጉ እናያለን» አለ። ብዙ ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ ሩላ አንድ ፈተና አወጣች። ሩላ ኮምፒውተሯ ላይ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትብለጥ ሳታረፍድ አንድ ሳምንት ከመጣች፣ ወንድሟን እሷው ታሳምነዋለች፤ ካረፈደች ግን ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ፈተናው የተጀመረው በዚህ ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ አውቶቡሶች በኮሮና ምክንያት ግማሽ ሰው ብቻ ስለሚጭኑ፣ ቆማ ስትጠብቅ ሁለቱ አልፈዋት ሄዱና አረፈደች። በሁለተኛው ቀን ቀድማ ደረሰች፤ ግን ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ነበርና በሩ እስኪከፈትላት ረፈደ ተባለ።

«በር ላይ መቆሜም ማርፈድ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከውስጥ ሲታይ አዎ» አለች ሩላ።

ዛሬ ትብለጥ መንገድ ላይ መጠበቁን ትታ እስከ መነሻው መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣለች። መቀመጫ አግኝታለች። ነገር ግን ጁበይሃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በኢንተርኔት ስለሚያስተምር አውቶቡሱን የሚሞላ ሰው የለም፤ ሾፌሩም ግማሹ ካልሞላ አልነሳም ብሏል፣ ሲጋራውንም ለኩሷል። ሁለት ሰው ቀርቷል። ትብለጥ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች፤ ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ አገር ቤት ወያላ በሙሉ ድምጿ እየተጣራች ነው፦ «ጁበይሃ፣ ጁበይሃ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀረ ሁለት ሰው።»