የዳንኤላ አባት ወንበር

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው... ከዚያን ቀን ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሎኛል፤ ልንገራችሁና ይቅለለኝ።

የምሠራው እዚሁ ኦሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙም የማይርቅ ሃይስኩል ውስጥ ነው፤ ጽዳት። እዚያ ስፓኒሽን ከቤታቸው ይዘው ለመጡ ልጆች ብቻ የሚሰጥ ክፍል አለ። ልጆቹ ሲያወሩ የሚያቆማቸው የለም፤ ጻፉ ሲባሉ ግን እርሳስ ያኝካሉ። መምህርቷ ማንበብና መጻፉን ከሥር ታስይዛቸዋለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ልማድ አላት... እያንዳንዱ ልጅ የጻፈውን፣ ከቤቱ ለመጣ ትልቅ ሰው ያነብለታል። ትልቁ ሰው ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

እኔ የገባሁት ተጨማሪ ወንበር ላደርስ ነው። ዳንኤላ የምትባል ልጅ ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አባቷ ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ቦታ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል፣ ስልክም አያነሳም። የጻፈችው ደግሞ ስለ እሱ ነው። ተራዋ ሲደርስ ይቅርብኝ ብላ ወረቀቷን ማጠፍ ጀመረች።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች።

«ሚስተር ጌቱ፣ እርስዎ ይቀመጡላት።»

«እኔ እኮ ስፓኒሽ አልችልም።»

«ችግር የለም፣ መስማት ብቻ ነው።»

ተቀመጥኩ። ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ድምፅዋን እየጣለች እያነሳች ማንበብ ጀመረች። እና ምን ሆነ መሰላችሁ... ሳላውቀው ተነሥቼ ቆምኩ። ኮፍያዬንም አወለቅኩ።

ልማድ ነዋ። ግእዙም ቢሆን አይገባኝም፤ ወንጌል ሲነበብ ግን ሰውነቴ ራሱ ይነሣል። ቃሉ ያልገባኝን በእግሬ ነው የምሰማው።

ዳንኤላ ይህን ከየት ታውቃለች? ንባቧን አቋረጠች። ወረቀቷን ወደ ደረቷ ሳበች።

«እርስዎም ሊሄዱ ነው?»

ክው አልኩ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የከበረ ነገር ሲነበብ ቆመን ነው የምንሰማው፣ አንብቢ ልጄ አልኳት። መምህርቷ ያልኩትን ለወላጆቹ በስፓኒሽ ነገረቻቸው። ኋላ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ቀጥሎ አንዲት እናት። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ቆመ። ልጅቷ ትከሻዋን ቀና አድርጋ ቀጠለች፤ ድምፅዋ እንኳ ተለወጠ።

መሀል ላይ ስትደርስ በሩ ተበረገደ። ቢጫ የሥራ ሰደርያ የለበሰ፣ የሚያለከልክ ሰውዬ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል፣ ባርኔጣ ወልቋል፣ የእሱ ስም እየተነበበ ነው... ሰውዬው በርጩማ ከሥሩ እንደተሳበበት ሰው ግድግዳውን ይዞ አንድ ነገር አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ እንባዋን እየጠረገች ተረጎመችልኝ።

«‹ሞቼ ነው እንዴ?› ነው የሚለው።»

ወንበሩን ለቀቅኩለት። አልተቀመጠም። ዳንኤላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ እሱም እንደ ቆመ ሰማት።

እኔ ግን ወጥቼ የጠረግኩትን ኮሪደር መልሼ ጠረግኩ። መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። የኔዋ ልጅ ሜሮን አማርኛ ስታወራ ማር ናት። ፊደል የምታስቆጥራት ግን እናቷ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ የፊደል ገበታውን የነካው የለም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም... ማስተማሩን ፈርቼ ነው ወይስ ገበታውን መንካት? በኪዳን ሰዓትም ይህንኑ ራሴን ስጠይቅ ነው የምገኘው።

ያን ቀን ቤት ስገባ ሜሮን ሶፋ ላይ ስልኳን ትነካካለች። የምታውቂውን ያህል በአማርኛ ጻፊና አንብቢልኝ አልኳት። «ዋይ ናው?» አለችኝ፤ ጻፈች ግን። መጀመሪያ የራሷን ስም። ትንሽ ቆይታ ከሥሩ የእናቷን ስም፣ አንዱን ፊደል ገልብጣ። ከዚያ እየጎተተች አነበበችልኝ።

«አባዬ፣ ስም እኮ ነው... ለምን ትቆማለህ?»

አሁን ከሥራ ስመለስ ፊደል መቁጠር ጀምረናል፤ እሷ አንብባ እስክትጨርስ ጉልበቴን እንዲያጸናልኝ ጸልዩልኝ።